ጥቁሩን ስክሪን ለምጄዋለሁ፤ ባለ መስኮት ፕሮግራም ለመሥራት ከየት ልጀምር?

ጀማሪዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን በራሴ እየተማርኩ ነው። ቫሪያብል፣ ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፋንክሽን፣ ሊስትና ዲክሽነሪ ገብተውኛል። ፋይል ከፍቼ ማንበብና መጻፍም እችላለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁሉ ግን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ጥያቄ ጠይቆ መልስ የሚጽፍ ነው።

አሁን ደብል ክሊክ ሲደረግ የሚከፈት፣ መስኮትና በተን ያለው ነገር መሥራት አማረኝ። ሐሳቤ ትንሽ ነው። መጽሐፍ ለጓደኞቼ አውሳለሁ። ማን የትኛውን እንደወሰደና መቼ መመለስ እንዳለበት የሚይዝልኝ ፕሮግራም እፈልጋለሁ።

ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። አንዱ የቋንቋ ነገር ነው። «ፓይተን ለዴስክቶፕ አይሆንም፣ ሲ ሻርፕ ተማሪ» የሚል አለ። «ዌብ ተማሪና በኤሌክትሮን (በዌብ ቋንቋዎች የዴስክቶፕ ፕሮግራም መሥሪያ) ሥሪው» የሚልም አለ። ጃቫ የሚልም አልጠፋም። ሁለተኛው ግን ይበልጥ ከብዶኛል። በጥቁሩ ስክሪን ኮዱ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። የመስኮት ኮድ ሳይ ግን ማን ማንን እንደሚጠራ ይጠፋብኛል። ቪዲዮዎቹ «ይህን ጻፉ፣ በተን ይመጣል» ብለው ያልፉታል። እሺ በተኑ መጣ። ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የት ነው ያለው?

ሲሻርፕ_ወዳጅ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ዊንዶውስ ላይ ከሆንሽ ያለ ማመንታት ሲ ሻርፕና ዊንዶውስ ፎርምስ እልሻለሁ። ዊንዶውስ ፎርምስ የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ ነው፤ ሲ ሻርፕ ከሚሠራበት ከዶት ኔት የመጀመሪያ እትም ጋር በ2002 የወጣ ነው። አርጅቷል የሚሉ አሉ። ግን ዛሬም በአዲሱ ዶት ኔት ላይ ይሠራል፤ ማይክሮሶፍትም በ2018 ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎታል። በተኑን በማውስ ጎትተሽ ፎርሙ ላይ ታስቀምጫለሽ። ደብል ክሊክ ስታደርጊው ኮድ የምትጽፊበትን ቦታ ራሱ ይከፍትልሻል። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ ለግል ተማሪ ነፃ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ከሚባለው ጋር ግን እንዳይምታታብሽ። ስማቸው ይመሳሰላል እንጂ ሁለት የተለያዩ ፕሮግራሞች ናቸው። ጎትቶ ማስቀመጫው ያለው በትልቁ፣ በቪዥዋል ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ኢንስቶል ስታደርጊ «ዶት ኔት ዴስክቶፕ ዴቨሎፕመንት» የሚለውን መምረጥ አትርሺ። ካልመረጥሽው የፎርም ፕሮጀክት ዝርዝሩ ውስጥ አይመጣልሽም።

ዘንዶው፦

ሲ ሻርፕ ጥሩ ቋንቋ ነው፤ አልከራከርም። ግን እህታችን ፓይተን ይዛለች። ለምን ከዜሮ ትነሳለች? አዲስ ቋንቋና አዲስ የመስኮት አሠራር በአንድ ጊዜ ስትማር፣ ችግር ሲገጥማት ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያቅታታል።

ቲኪንተር የሚባለው የመስኮት መሥሪያ ላይብረሪ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ምንም መጨመር የለብሽም። ሊኑክስ ላይ ብዙ ጊዜ ለብቻው ይጫናል። መልኩ ደረቅ ይላል፤ ቲቲኬ የሚባለውን ክፍሉን ከተጠቀምሽ ይሻላል። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ ወደ ፓይሳይድ ትሻገሪያለሽ። ፓይሳይድ የቆመው ኪውት በሚባለው ትልቅ ላይብረሪ ላይ ነው። ኪውት ከ1995 ጀምሮ ያለ ነው፤ የራሱ ጎትቶ ማስቀመጫም አለው። ፓይሳይድ ፓይኪውት የሚባል መንትያም አለው፤ ኮዳቸው በጣም ይመሳሰላል። ልዩነቱ ፈቃዱ ላይ ነው። የፓይኪውት ነፃ ፈቃድ ፕሮግራሙን ለሌላ ስትሰጪ ኮድሽንም እንድትሰጪ ያስገድዳል፤ የፓይሳይድ ላላ ይላል።

ሳንካ_አዳኝ፦

የቋንቋው ክርክር ይቀጥል። እኔ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ዋናው እሱ ነውና። እሱ ከገባሽ ሲ ሻርፕም ላይ፣ ጃቫም ላይ፣ ጃቫስክሪፕትም ላይ ነገሩ አንድ ነው።

በጥቁሩ ስክሪን አዛዡ ኮድሽ ነው። «ስምህን ጻፍ» ሲል ተጠቃሚው ስሙን ከመጻፍ ሌላ ምርጫ የለውም። መስኮት ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ተጠቃሚው ካሻው መጀመሪያ ቀኑን ይሞላል። ካሻው መስኮቱን ያሰፋዋል። ካሻው ምንም ሳይነካ ያየዋል። ቅደም ተከተሉን ቀድመሽ ልታውቂው አትችይም።

ስለዚህ ኮድሽ ሁለት ክፍል ይኖረዋል። መጀመሪያ ዝግጅት ነው። መስኮቱን ትፈጥሪያለሽ። በተኖቹንና መጻፊያ ሳጥኖቹን ትደረድሪያለሽ። ለእያንዳንዱ በተን «ይህ ሲጫን ይህን ፋንክሽን ጥራ» ብለሽ ትነግሪዋለሽ። ይህ ዓይን እስኪጨፈን ያልቃል። ከዚያ በመጨረሻው መስመር ሜይንሉፕ የሚባለውን ትጠሪያለሽ። ፕሮግራሙ እዚያው መስመር ላይ ይቆያል። «የት ነው ያለው?» ላልሽው መልሱ ይኸው ነው። ሜይንሉፕ ውስጥ ነው፣ መስኮቱ እስኪዘጋ ድረስ።

ሜይንሉፕን በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ እዪው። ክሊክ መጣ። ለማን ነው? ለ«መዝግብ» በተን። ለዚያ በተን የተነገረውን ፋንክሽን ይጠራል፤ ፋንክሽኑ ሲጨርስ ወደ በሩ ይመለሳል። ከኪቦርድ ፊደል ተጫነ፣ መስኮቱ ተጎተተ፣ የተቀጠረ ሰዓት ደረሰ፤ ሁሉም ወረፋ ይዘው ይመጣሉ። እነዚህን ኢቨንት እንላቸዋለን። የሚስተናገዱት አንድ በአንድ ነው። ይህቺን «አንድ በአንድ» አደራ ያዢያት። አንድ ቀን መስኮትሽ ደርቆ አልንቀሳቀስ ሲልሽ ምክንያቱ እሷ ናት።

አሁን ይህን ሞክሪ። አንድ መስኮት፣ አንድ በተን፣ አንድ ቁጥር። በተኑ ሲጫን ቁጥሩ በ1 ይጨምር። ከዚያ ሦስት ፕሪንት ጨምሪ። አንዱን ከሜይንሉፕ በፊት፣ አንዱን ከሜይንሉፕ በኋላ፣ አንዱን በፋንክሽኑ ውስጥ። የትኛው መቼ እንደሚወጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ተከታተይ። ሌላ ኮርስ ከመክፈትሽ በፊት ይህን ሥሪ።

ጀማሪዋ፦

ሠራሁት! ከሜይንሉፕ በኋላ ያለው ፕሪንት የወጣው መስኮቱን ስዘጋው ነው። ስንት ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ። በፓይተን ልቀጥል ነው። ሲሻርፕ_ወዳጅ እንዳትቀየመኝ።

ሲሻርፕ_ወዳጅ፦

ምን ያስቀይመኛል? ኢቨንት ከገባሽ ሌላው ቋንቋ ላይ የሚለወጠው አጻጻፉ ነው። ቀጥይ።

የጥንቱ_ፓስካል፦

ልጆች፣ እኔም አንድ ነገር ልበል። እኔ ይህን ሥራ የያዝኩት በቪዥዋል ቤዚክ ዘመን ነው። ቪዥዋል ቤዚክ በ1991 ወጣ። ዴልፊ በ1995 ተከተለ። በተን ጎትቶ ማስቀመጥን ለብዙ ሰው ያስለመዱት እነሱ ናቸው። ያኔ የሌላ ሰው ፕሮግራም እንድጠግን ሲሰጠኝ የማገኘው ችግር አንድ ዓይነት ነበር። ኮዱ ሁሉ በተኑ ውስጥ ታጭቋል። «መዝግብ» ሲጫን ከሳጥኑ ስም ያነባል፣ ባዶ መሆኑን ያጣራል፣ ቀን ያሰላል፣ ፋይል ይከፍታል፣ ይጽፋል፣ መልእክት ያሳያል። ይህ ሁሉ በአንድ ፋንክሽን። ባለቤቱ መልኩን ብቻ ልቀይር ሲል ስሌቱ ይበላሻል።

ስለዚህ ልጄ፣ ከመስኮቱ በፊት ሌላ ፋይል ጻፊ። እዚያ ፋይል ውስጥ ስለ መስኮት የሚያውቅ አንድም መስመር አይኑር። መጽሐፍ የሚያውስ፣ መጽሐፍ የሚመልስ፣ ቀኑ ያለፈበትን የሚለይ ፋንክሽን ብቻ ይኑር። እነዚህን ጥቁሩ ስክሪን ላይ ፈትኛቸው። ያልተመለሰ መጽሐፍ ለሌላ ሰው ሊዋስ ሲል ምን ይላል? ስም ሳይጻፍስ? እነዚህ በትክክል ሲመልሱ ወደ መስኮቱ ሂጂ። ያኔ የመስኮቱ ሥራ ከሳጥን ማንበብ፣ ፋንክሽኑን መጥራትና መልሱን ማሳየት ብቻ ይሆናል።

ሐሳቡ የእኔ አይደለም። ኖርዌያዊው ትሪግቬ ሪንስካውግ በ1979 ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል ሳሉ ሞዴል፣ ቪው፣ ኮንትሮለር ብለው ያቀረቡት ነው። ዛሬ በሌላ በሌላ ስም የምትሰሙት ብዙው ከዚያ የወረደ ነው። ስሙን መሸምደድ ግን አሁን አያስፈልግሽም። ሁለት ፋይል ይበቃሻል።

ደግሞ ኮምፒውተሩን ከመክፈትሽ በፊት መስኮቱን በእርሳስ ወረቀት ላይ ሳዪው። የትኛው ሳጥን ቀድሞ ይሞላል? ታብ ሲጫን ወዴት ይሄዳል? ኢንተር ሲጫንስ? መጽሐፉ ከተመዘገበ በኋላ ሳጥኖቹ ይጸዱ ወይስ ይቆዩ? ወረቀት ላይ መልስ ካልሰጠሽው ኮድ ስትጽፊ ያስቆምሻል።

ሌሊት_ኮደር፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ስለ ኤሌክትሮን ትንሽ ልበል፤ ጥያቄው ላይ ስለተነሳ። ኤሌክትሮን በ2013 አተም ለተባለው የኮድ ኤዲተር የተጀመረ ነው። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ራሱ የተሠራው በእሱ ነው። ዌብ ለሚችል ሰው አቋራጭ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ፕሮግራም ክሮሚየም የተባለውን ብራውዘር ሙሉውን ተሸክሞ ይዞራል። የእህታችን የመጽሐፍ መዝገብ እንኳ በቀላሉ ከ100 ሜጋባይት ታልፋለች። ታውሪ የሚባል አለ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የብራውዘር ሞተር ስለሚጠቀም በጣም ያንሳል። ከኋላው ግን ራስት ቋንቋ አለ። ኤችቲኤምኤልና ጃቫስክሪፕት ላልጀመረ ሰው ሁለቱንም አልመክርም።

ጀማሪዋ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። እርስዎ እንዳሉት ሁለት ፋይል አድርጌዋለሁ፤ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ሁሉም በትክክል ይሠራል።

መስኮቱ ላይ ግን አንድ ነገር አስቸገረኝ። ፕሮግራሙ ገና ሲከፈት፣ በተኑን ሳልነካው ስም የሌለው መጽሐፍ ይመዘገባል። ከዚያ በተኑን ስጫነው ምንም አይሆንም። ኤረርም አይወጣም። በተኑን የፈጠርኩበት መስመር ላይ፣ ኮማንድ በሚለው ቦታ የጻፍኩት መዝግብ() ነው። ፓይተን የፋንክሽን ስም በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል ስሞቹን በአማርኛ ነው ያወጣሁት።

ሳንካ_አዳኝ፦

ቅንፎቹን አጥፊያቸው። መዝግብ ብቻ በዪ።

ምክንያቱን ልንገርሽ። መዝግብ() ስትዪ «አሁኑኑ ሥራ» ማለትሽ ነው። ፓይተን በተኑን ከመፍጠሩ በፊት ፋንክሽኑን ያስኬደዋል፤ ስም የሌለው መጽሐፍ የመጣው ያኔ ነው። ከዚያ ፋንክሽኑ የመለሰውን ወስዶ ለበተኑ ይሰጠዋል። ያንቺ ፋንክሽን ምንም ስለማይመልስ ለበተኑ የሚደርሰው ኖን (ፓይተን «ምንም» የሚልበት) ነው። ሲጫን የሚጠራው የለውም። ኤረር ያልወጣውም ለዚህ ነው። ያለ ቅንፍ ስትጽፊው ግን ፋንክሽኑን ራሱን ነው የምታስረክቢው። ሜይንሉፕ ክሊኩ ሲመጣ ይጠራዋል።

ዘንዶው፦

ይህ ሁሉም ቲኪንተር ጀማሪ ጋ የሚመጣ ነው። ተከታዩን አሁኑኑ ልንገርሽ፤ መድረስሽ አይቀርም። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ «ተመለሰ» የሚል በተን በፎር ሉፕ መደርደር ያምርሻል። የትኛው መጽሐፍ እንደሆነ ለመንገር ላምዳ (ስም የሌለው አጭር ፋንክሽን) ትጠቀሚያለሽ። ከዚያ የትኛውንም በተን ብትጫኚ የሚመለሰው የመጨረሻው መጽሐፍ ይሆናል። ላምዳው የመጽሐፉን ዋጋ ይዞ አያስቀምጥም፤ የቫሪያብሉን ስም ነው የሚያስታውሰው። ሲጫን ሄዶ ያየዋል። ያኔ ደግሞ ሉፑ አልቆ ቫሪያብሉ መጨረሻው ላይ ቆሟል። መፍትሔው ዋጋውን በላምዳው ፓራሜትር ላይ ዲፎልት አድርጎ ማሰር ነው።

ሌሎችም አሉ። የራስሽን ፋይል ቲኪንተር ብለሽ አትሰይሚው። ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ ያንቺን ፋይል ያነብና እንግዳ የሆነ ኤረር ያወጣል። ፓክና ግሪድ የሚባሉትን መደርደሪያዎች በአንድ ፍሬም ውስጥ አትቀላቅዪ። ፎቶ ፋንክሽን ውስጥ ከፍተሽ ካሳየሽ ደግሞ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀርብሻል። ፋንክሽኑ ሲያልቅ የሚይዘው ቫሪያብል ስለሌለ ፓይተን ከሚሞሪ ያጠፋዋል። ሌላ ቦታ ያዢለት።

ጠያቂው፦

ክሩን እየተከታተልኩ ነው። እኔም ጀማሪ ነኝ። ቪዲዮ እያየሁ አብሬ ስጽፍ ይሠራልኛል። ዘግቼው በራሴ ልጀምር ስል ግን ባዶ ፋይል ላይ ፈዝዤ እቀራለሁ። እንደ እሷ የራሴ ሐሳብም የለኝም። ምን ልሥራ?

ሌሊት_ኮደር፦

ሰቨን ጂዩአይስ የሚባሉ ሰባት ልምምዶች አሉ። የተለያዩ የመስኮት ላይብረሪዎችን ለማወዳደር የተዘጋጁ ናቸው። እኔ ግን ለጀማሪ የተሻለ ልምምድ አላውቅም። የሚሠራው ነገር ተነግሮሻል፣ ኮዱ ግን አልተሰጠም። ይቅርታ፣ «ተነግሮሃል» ልበል? ወንድ ሴት አላወቅሁም።

የመጀመሪያው ቆጣሪ ነው፤ ሳንካ_አዳኝ ከላይ ያሠራት ዓይነት። ሁለተኛው ሴልሺየስን ወደ ፋራናይት የሚቀይር ነው። በ9 አባዝቶ፣ ለ5 አካፍሎ፣ 32 መደመር ነው። ቀላል ይመስላል። ግን ሁለቱም ሳጥኖች ይጻፍባቸዋል። አንዱ ሌላውን ሲቀይር፣ ሌላው ተመልሶ አንደኛውን ሊቀይር ይነሳል። እዚያ ጋ ቆም ብለህ ማሰብ አለብህ። ፊደል ሲጻፍስ? ሦስተኛው የበረራ መያዣ ፎርም ነው። ደርሶ መልስ ካልተመረጠ የመመለሻው ቀን ሳጥን ይዘጋል። መመለሻው ከመሄጃው ከቀደመ በተኑ አይሠራም። አራተኛው ሰዓት ቆጣሪ ነው፤ እየሮጠ እያለ ርዝመቱ ይቀየራል። አምስተኛው ስም መጨመሪያ፣ ማረሚያና ማጥፊያ ነው። የሥራ ቦታ ሶፍትዌር ግማሹ እሱ ነው።

ስድስተኛው ክብ መሳያ ነው፤ የሠሩትን መልሶ ማጥፋትና መልሶ ማምጣት ያስተምራል። ሰባተኛው ትንሽ ስፕሬድሺት ነው። እሱ ከባድ ነው፤ አንዱ ሴል ሲቀየር በእሱ ላይ የተንጠለጠሉት ሁሉ ይሰላሉ። አምስቱን ከጨረስክ የራስህ ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም።

ጠያቂው፦

ወንድ ነኝ፤ ችግር የለም። ዛሬውኑ ከሁለተኛው እጀምራለሁ።

ጀማሪዋ፦

እኔ ደግሞ አዲስ ጥያቄ ይዤ መጣሁ። መጽሐፍ ሲመዘገብ «ተመዝግቧል» የሚል ጽሑፍ ወጥቶ ከ3 ሰከንድ በኋላ እንዲጠፋ ፈለግሁ። ጽሑፉን አወጣሁ፣ ስሊፕ 3 (3 ሰከንድ ቁም) አልኩ፣ ጽሑፉን አጠፋሁ። ግን ጽሑፉ ጭራሽ አይታይም። መስኮቱም ለ3 ሰከንድ ደርቆ ይቆማል። ሳንካ_አዳኝ «አንድ በአንድ» ያለው ይሄ ነው?

ሳንካ_አዳኝ፦

እሱው ነው። ጎበዝ።

ጽሑፉን «አውጣ» ስትዪው ወዲያው ስክሪኑ ላይ አይሳልም። መሳሉም ራሱ ወረፋ የያዘ ሥራ ነው። የሚሳለው ፋንክሽንሽ አልቆ ሜይንሉፕ ሲመለስ ነው። አንቺ ግን ፋንክሽኑን በስሊፕ ያዝሽው። ስሊፑ ሲያልቅ ደግሞ ጽሑፉን አጠፋሽው። ሜይንሉፕ ሲመለስ የሚስለው ባዶ ነው።

ቲኪንተር አፍተር የሚባል አለው። 3000 ብለሽ ጽሑፉን የሚያጠፋውን ፋንክሽን ትሰጪዋለሽ፤ ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው። ቀጠሮውን ይዞ ወዲያው ይመለሳል። ፋንክሽንሽ ያልቃል፣ ጽሑፉ ይሳላል፣ ጊዜው ሲደርስ ይጠፋል። ሲ ሻርፕ ላይ ይህን ሥራ ታይመር ይሠራዋል።

በእርግጥም ረጅም ሥራ ካለሽ፣ ለምሳሌ ከኢንተርኔት ማውረድ፣ ያንን ወደ ሌላ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን ወደሚሮጥ የሥራ መስመር) ትወስጂዋለሽ። አንድ ሕግ ግን አለ። ከሌላው ትሬድ ሆነሽ መስኮቱን አትንኪ። ጽሑፍ አትቀይሪ፣ በተን አትዝጊ። ውጤቱን ኪው (ወረፋ) ውስጥ አስቀምጪ፤ ዋናው ትሬድ በአፍተር እየመጣ ይውሰደው። ይህን ሕግ የጣሰ ፕሮግራም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። እንደዚያ ያለ ሳንካ ማደን ሌሊት ይፈጃል። ለመጽሐፍ መዝገብ ግን ትሬድ አያስፈልግሽም፤ አሁን አትግቢበት።

ሲሻርፕ_ወዳጅ፦

መዝገቡን የምታስቀምጪው በምንድነው? በተራ የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ወደ ኤስኪውላይት ውሰጂው። ከ2000 ጀምሮ ያለ ዳታቤዝ ነው። ሰርቨር አይፈልግም፤ ሁሉም በአንድ ፋይል ይቀመጣል። ፓይተን ውስጥ ተካቶ ይመጣል። ከሲ ሻርፕም ይሠራል፤ ስለዚህ አንድ ቀን ወደኛ ብትመጪ መዝገብሽን ይዘሽ ትመጫለሽ።

የመጽሐፉን ስም ከኤስኪውኤል (ዳታቤዙ ከሚታዘዝበት ቋንቋ) ጽሑፉ ጋር በመደመር ግን አታገናኚ። በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት አድርጊና ስሙን ለብቻው ላኪው። ስሙ ውስጥ ነጠላ የጥቅስ ምልክት (') ያለበት መጽሐፍ የመጣ ቀን ያለዚያ ይበላሻል። ተንኮለኛ ሰው ደግሞ በዚያው ቀዳዳ የራሱን ትእዛዝ ያስገባል።

ዘንዶው፦

በጽሑፍ ፋይል ከቀጠልሽ ግን ፋይል በከፈትሽ ቁጥር ኢንኮዲንጉን (ፊደል ፋይል ውስጥ የሚቀመጥበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 በዪው። ዊንዶውስ ላይ ብዙዎቹ የፓይተን እትሞች ካልነገርሻቸው የኮምፒውተሩን የቆየ ኢንኮዲንግ ይወስዳሉ። እሱ ደግሞ የግዕዝ ፊደል አያውቅም። የመጽሐፉን ስም ልጻፍ ሲል ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ኤስኪውላይት ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ጠያቂው፦

የሙቀት መቀየሪያዋን ጨረስኩ። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ለኤአይ ብነግረው ሙሉውን በአንዴ ይጽፍልኛል። እንደዚያ መማር ይቻላል?

የጥንቱ_ፓስካል፦

ልጄ፣ ተጠቀምበት። እኔም እጠቀማለሁ። ኤረር ሲወጣብህ መልእክቱን ስጠውና ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳህ። አንድን መስመር ለምን እንደተጻፈ ጠይቀው። ሙሉውን ጻፍልኝ ካልከው ግን ፕሮግራሙ ይሠራል፣ አንተ ግን ባዶ ፋይል ፊት እንደፈዘዝክ ትቀራለህ። ያነሳኸው ችግር ያ ነበር።

ይልቅ ዴባገር ተማር። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ላይ ሆነህ አንድ መስመር ላይ ኤፍ 9 ተጫን፤ ቀይ ነጥብ ይወጣል። በኤፍ 5 አስነሳው። ፕሮግራሙ እዚያ መስመር ላይ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቅሃል። በኤፍ 10 አንድ አንድ መስመር ትራመዳለህ። ቫሪያብሎቹ ውስጥ ያለው ሁሉ በጎን ይታይሃል። ኮዱን የጻፈው አንተም ሁን ኤአይ፣ ምን እየሠራ እንደሆነ በዓይንህ ታየዋለህ። ይህን በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስተምር ኮርስ ቢበዛ እንዴት ደስ ባለኝ!

ጀማሪዋ፦

ደረስኩ! ኤስኪውላይት ገብቷል፣ ፍለጋ ይሠራል፣ ቀናቸው ያለፈ መጻሕፍት በቀይ ይታያሉ። ለጓደኛዬ ልሰጠው ፈለግሁ። እሱ ኮምፒውተር ላይ ፓይተን የለም፤ ስለዚህ በፓይኢንስቶለር (ፕሮግራሙን ያለ ፓይተን እንዲከፈት በሚጠቀልል መሣሪያ) አንድ ፋይል አደረግሁት። ይከፈታል፣ ይመዘግባል። ዘግቶ ሲከፍተው ግን የመዘገበው ሁሉ የለም! እኔ ጋ ከኮዱ ሳስነሳው ምንም አይጠፋም።

ሳንካ_አዳኝ፦

ዳታቤዙን የምታስቀምጪው ከኮድ ፋይሉ ጎን ነው አይደል?

ጀማሪዋ፦

አዎ። ኮዱ ያለበትን ፎልደር ፈልጎ እዚያው እንዲያስቀምጥ ነው ያደረግሁት።

ሳንካ_አዳኝ፦

ችግሩ እዚያ ነው። ፓይኢንስቶለር ሁሉን በአንድ ፋይል ሲጠቀልል፣ ፕሮግራሙ በተከፈተ ቁጥር ራሱን ጊዜያዊ ፎልደር ውስጥ ይዘረግፋል። ኮድሽ «እኔ ያለሁበት ፎልደር» ሲል የሚያገኘው ያንን ነው። ዳታቤዙም እዚያ ይፈጠራል። ፕሮግራሙ ሲዘጋ ጊዜያዊው ፎልደር ከነዳታቤዙ ይጠፋል።

ዳታውን ወደ ተጠቃሚው ፎልደር አውጪው። ዊንዶውስ ላይ ለዚህ ተብሎ አፕዳታ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ በፕሮግራምሽ ስም ፎልደር ፍጠሪ፤ ካለ ተዪው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ግን አታስቀምጪ። እዚያ ለመጻፍ ተራ ተጠቃሚ ፈቃድ የለውም።

ዘንዶው፦

ባለ አንድ ፋይሉን አንዳንድ አንቲቫይረስ በስህተት ቫይረስ ነው ይለዋል። ጓደኛሽ ጋ ያ ከመጣ ባለ ፎልደሩን አድርገሽ ስጪው፤ አከፋፈቱም ይፈጥናል። ሌላም ልብ በዪ። ዊንዶውስ ላይ የጠቀለልሽው ማክ ላይ አይከፈትም። ለማክ ማክ ላይ፣ ለሊኑክስ ሊኑክስ ላይ ነው የሚጠቀለለው።

ጀማሪዋ፦

አፕዳታ ውስጥ አደረግሁት፤ ዘግቶ ሲከፍት ሁሉም አለ። ጓደኛዬ ትንሽ ከተጠቀመ በኋላ የጠየቀኝ ግን ሌላ ነው። መጽሐፍ በስህተት ሲያጠፋ እንዴት ይመልሰው? ማጥፊያ እንጂ መመለሻ የለኝም። ስድስተኛውን ልምምድ፣ ክብ መሳያውን፣ ከዚህ በፊት ልሥራው?

የጥንቱ_ፓስካል፦

ክቡን ሥሪው፣ ይጠቅምሻል። ለዚህኛው ግን አጭር መንገድ አለ። ከዳታቤዙ ምንም አታጥፊ። ሰንጠረዡ ላይ «ተሰርዟል» የሚል አንድ ኮለም ጨምሪ። ማጥፊያው ሲጫን እዚያ 1 ይጻፍ፤ ዝርዝሩ ደግሞ 0 ያለባቸውን ብቻ ያሳይ። መመለስ ማለት 1ዱን ወደ 0 መቀየር ነው። ሁለቱንም በዚያ ስለ መስኮት በማያውቀው ፋይልሽ ውስጥ ጻፊያቸው፤ መስኮቱ ላይ የሚጨመረው አንድ በተን ብቻ ነው።